የተውሶ አንደበት፦ ድራማ ምንድን ነው? ሰውስ ለምን ይሻዋል?

ድራማ የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የመጣው ከግሪክ ነው፤ በምንጩ «አደረገ» ከሚለው ግስ የተወለደ በመሆኑ ትርጉሙ ድርጊት ማለት ሲሆን፣ ጓደኛው ቴአትር ደግሞ በዚያው ቋንቋ መመልከቻ ስፍራን ያመለክታል። ግእዝ ለዚሁ ጉዳይ ያቆየው ተውኔት የተሰኘው ስም «ተዋነየ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ተዋነየ ማለትም ተጫወተ ማለት ነው። አንዱ ቃል የሚያደርገውን ሰው፣ ሁለተኛው የሚያየውን፣ ሦስተኛው በሁለቱ መካከል የተገባውን የጨዋታ ውል ይዟል ቢባል ከእውነት አይርቅም። አማርኛ በበኩሉ ጨዋታ በሚለው ቃል የልጆችን ሩጫም፣ የአዋቂዎችን ወግም፣ የመድረክን ትርኢትም ይጠራል፤ እንግዳ ዝም ብሎ ሲቀመጥ «ተጫወት እንጂ» የሚባለው እንዲናገር ነው። መናገርንና መጫወትን በአንድ ስም የሚጠራ ሕዝብ ስለ ድራማ ባሕርይ አንድ ትልቅ ነገር አስቀድሞ ያወቀ ሕዝብ ነው።

ልጆች እቃቃ ሲጫወቱ ጭቃው እንጀራ፣ ጠጠሩ ወጥ፣ አንዷ እናት፣ አንዱ አባት ይሆናሉ። ጭቃውን የሚውጥ ልጅ አይገኝም፤ ይሁን እንጂ «እናቲቱ» ስትቆጣ «ልጇ» ከልቡ የሚያለቅስበት ጊዜ አለ። ነገሩ ውሸት እንዳይባል የሚታለል ሰው የለበትም፤ እውነት እንዳይባል ደግሞ እንጀራው ጭቃ ነው። ድራማ የሚኖረው በዚህ ጠባብ መሬት ላይ ነው። አንድ ሰው የሌላውን ስምና አንደበት ተውሶ፣ ውሰቱን በሚያውቁ ምስክሮች ፊት ሲናገርና ሲያደርግ፣ ከፊቱም የሚቃወመው ሌላ አንደበት ሲቆም ድራማ ተፈጠረ ይባላል። ተውሶ ከስጦታ የሚለየው መመለስ ስላለበት ነው፤ ተዋናዩም የተዋሰውን ማንነት ጨዋታው ሲያበቃ ካልመለሰ፣ ወይም ምስክሮቹ ውሰት መሆኑን ካላወቁ፣ ነገሩ ከድራማነት ወጥቶ ወይ ማታለል ወይ እብደት ይሆናል።

የኢትዮጵያ ቴአትር ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከተክለሐዋርያት ተክለማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። በሩሲያ የተማሩት እኒህ ሰው የመንግሥትን ብልሹ አሠራር በእንስሳት አንደበት አናግረው በአዲስ አበባ ለመኳንንቱ ባሳዩ ጊዜ ተመልካቹ የተውሶውን አንደበት ባለቤት ወዲያው ለየው፤ ተውኔቱም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ለመድረክና በጽሑፍ ለተሰናዳ ቃለ ተውኔት፣ ማለትም ተዋንያን ለሚለዋወጡት ንግግር፣ ይህ አጀማመር ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ያ ተመልካች ቀበሮና አንበሳ ሲነጋገሩ ስለ ማን እንደሚናገሩ ለማወቅ አስተማሪ አላስፈለገውም፤ ምክንያቱም በተውሶ አንደበት መነጋገርን ከመድረክ በፊት ሲያውቀው ኖሯል። ይህን ዕውቀት ከምንጩ ለማየት ከጎንደር የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ዐፄ ፋሲለደስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መናገሻቸውን በጎንደር ሲያጸኑ የተሠራው ግንብ ብቻ አልነበረም፤ ከግንቡ ጋር ሰው የሚታይበት አደባባይም ተሠራ። ከግቢው ፊት ለፊት የቆመው የጃንተከል ዋርካ፣ አደባባይ ኢየሱስ፣ የአራዳ ገበያ፣ ሁሉም ሰው ሊያይና ሊታይ የሚወጣባቸው ስፍራዎች ናቸው። በዚህ ዓይነት አደባባይ ይካሄድ ከነበረው ሁሉ ለድራማ በጣም የቀረበው ሙግት ነበር። በላ ልበልሃ እየተባለ በሚታወቀው የቀድሞ የክርክር ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ በተመጠነና ቤት በሚመታ ንግግር እየተጠያየቁ፣ ውርርድ እየገቡ፣ በዳኛውና በዙሪያው በቆመው ሕዝብ ፊት ይሟገቱ ነበር። በዚያ ክርክር የተሻለ የተናገረ ብቻ ሳይሆን የተሻለ የቆመ፣ የተሻለ የተራመደ፣ በሰዓቱ ዝም ማለት የቻለ ሰው ያሸንፍ ነበር ቢባል የሥርዓቱ ባሕርይ ይፈቅዳል። ግጭት፣ ማለትም ሁለት ፈቃዶች በአንድ ጉዳይ ላይ መጋጠማቸው፣ የድራማ አከርካሪ እንደሆነ በየመማሪያ መጽሐፉ ይጻፋል፤ በላ ልበልሃ ግን አንድ ነገር ይጨምርበታል። ግጭት ድራማ የሚሆነው ተቃዋሚው ሙሉ የመናገር ተራ ሲያገኝ ብቻ ነው።

ፉከራም ከዚሁ ሠፈር ነው። ፎካሪው ከተቀመጠበት ሲነሣ አካሄዱ፣ ድምፁና ዓይኑ ይለወጣሉ፤ ስሙን ትቶ በፈረስ ስም ወይም በአባቱ ስም ራሱን ይጠራል፤ በሰርግ ቤት መካከል የሌለ ጠላት ያቆምና ይገጥመዋል። ሲጨርስ ተመልሶ ይቀመጣል፣ ጠላውንም ይጠጣል። ተውሶው ተመለሰ ማለት ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ግን ከዚህ ተለይቶ መታየት ይገባዋል። በሆሳዕና ከደጅ የቆመው አገልጋይ በሩ እንዲከፈት ሲጠይቅ ከውስጥ ያለው ማን እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ በጥምቀት ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ወርደው ያድራሉ፣ ውኃውም ሲባረክ ሕዝቡ ይገባበታል። ንግግሩ፣ ጉዞውና ልብሱ የውጭ አጥኚዎችን ድራማ ነው እንዲሉ ቢገፋፋቸውም፣ ለምእመኑ እዚያ ውሰት የለም፤ የሚሆነው ነገር በእውነት ይሆናል። ሥርዓት ምስክርን ወደ ተካፋይነት ሲለውጥ፣ ድራማ ምስክሩን በምስክርነቱ ያቆመዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ወሰን ግን ሁልጊዜ እንደ ግንብ አጥር የጠራ አይደለም፤ ጎንደር ለዓለም የቴአትር ጥናት ያበረከተችው ትልቁ ትምህርትም ከዚህ ወሰን ላይ የተገኘ ነው።

በማርሴል ግሪዮል የሚመራው ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን በ1924 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ጎንደር ደርሶ እስከ ኅዳር 1925 ዓ.ም. ቆየ። ከአባላቱ አንዱ ገጣሚው ሚሼል ሌሪስ ነበር፤ በኢትዮጵያዊው ምሁር በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነትና የጥናት ተባባሪነት፣ መልካም አየሁ በሚባሉ የታወቁ ባለ ዛር ቤት በሚካሄደው ሐድራ ላይ ለወራት እየተገኘ ያየውንና የሰማውን መዘገበ። ሐድራ ማለት ዛር ያለባቸው ሰዎች ማታ ተሰብስበው፣ ቡና ተፈልቶና ዕጣን ተጭሶ፣ በጭብጨባና በዘፈን ዛሮችን የሚጠሩበት ጉባኤ ነው። ሌሪስ ከዚያ ልምድ ያወጣውን መጽሐፍ ከ25 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ በፓሪስ ሲያሳትም ርእሱን በጎንደር ኢትዮጵያውያን ዘንድ ስላለው የመንፈስ መያዝና ስለ ቴአትራዊ ገጽታው አደረገው።

ዛር በእምነቱ ባለቤቶች ዘንድ የማይታይ፣ ነገር ግን ስም፣ ጾታ፣ አገር፣ ሹመትና ጠባይ ያለው መንፈስ ነው። የያዘው ሰው «ፈረሱ» ይባላል፤ መንፈሱ እንደ ጋላቢ ይቆጠራልና። ዛሩ ሲነሣ ፈረሱ ይንቀጠቀጣል፣ ያጓራል፤ ከዚያ ዛሩ ስሙን ተጠይቆ ይናገራል፣ ይፎክራል፣ የሚወደውን ልብስ ይለብሳል፣ ምሱንም ያዛል። ምስ ማለት ለዛሩ የሚገባው ነገር ነው፤ የተወሰነ ቀለም ያለው ዶሮ፣ ሽቱ፣ ጌጥ ወይም ቡና ሊሆን ይችላል። አንዱ ዛር ጦረኛ ሹም፣ አንዱ ጸሎተኛ መነኩሴ፣ አንዷ አገልጋይ ልጃገረድ፣ ሌላው ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ነው። አንዲት ባለ ዛር ብዙ ዛሮች ሊኖሯት ስለሚችሉ በአንድ ቀን ውስጥ ባርካ፣ አዝዛ፣ ተቆጥታ፣ አገልግላ ልትውል ትችላለች፤ በዙሪያዋ ያሉትም እንደ ዛሩ ማንነት አነጋገራቸውን እየለወጡ፣ ቀድሞ «አንቺ» ይሏት የነበረችውን ሴት «ጌታዬ» እያሉ ይመልሱላታል። አማርኛ በእያንዳንዱ ግስ ላይ ጾታንና ማዕረግን የሚያስር ቋንቋ በመሆኑ ይህ ለውጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ ተመልካቹ በአንዲት ቅጥያ ብቻ አዲሱን ሰው ይፈጥረዋል።

ሌሪስን ያስጨነቀው ጥያቄ እነዚህ ሴቶች ያስመስላሉ ወይስ አያስመስሉም የሚል ነበር። የደረሰበት መልስ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ መሆኑን ያሳያል። ሰዎቹ አያታልሉም፤ በእምነታቸውም በሕመማቸውም ውስጥ ናቸው። ነገር ግን እያንዳንዱ ዛር ሊለብሰው፣ ሊዘፍነውና ሊናገረው የሚገባ የታወቀ ነገር ስላለው፣ ፈረሱም ይህን በተመልካች ፊት በሚገባ ማከናወን ስላለበት፣ ድርጊቱ ቴአትራዊ ነው። ለዚህም ሌሪስ የሚጫወቱትን ቴአትርና የሚኖሩትን ቴአትር ለየ፤ በመጀመሪያው ተዋናዩ መጫወቱን ያውቃል፣ በሁለተኛው ግን ጨዋታውን ሕይወቱ አድርጎ ይይዘዋል። ይህ ልየታ ለመድረክ ተዋናይም ይጠቅማል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዲድሮ ታላቅ ተዋናይ ራሱ ሳይነካ ሌላውን የሚያስለቅስ ነው ብሎ ተከራክሯል፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙዎች ደግሞ ተዋናይ ከልቡ ካልተሰማው ተመልካቹ አይሰማውም ይላሉ። የጎንደር ሐድራ ሁለቱንም ያርማል፤ ሰው አንድን ነገር ከልቡ እየኖረውም በሥርዓቱ ሊያከናውነው ይችላል።

ስለ ሌሪስ ምስክርነት አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። ሌሪስ ለመሥዋዕት የሚቀርቡ እንስሳትን ገንዘብ እየከፈለ ያስገዛ ነበር፤ ደብተርና እርሳስ ይዞ ከተቀመጠ ከፋይ እንግዳ ፊት የሚነሣ ዛር፣ ጎረቤቶች ብቻ ባሉበት ከሚነሣው ጋር አንድ ሊሆን አይችልም። ያው ቡድን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥዕሎች ከግድግዳቸው አንሥቶ፣ በቦታቸው ቅጂ አስቀምጦ ወደ ፓሪስ እንደወሰዳቸው ሲታሰብ፣ ጥናቱ ዋጋ ያለው ቢሆንም ከንጹሕ እጅ የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ይህ እንከን ራሱ የድራማን ሕግ ያጋልጣል፤ ተመልካቹ ሲለወጥ ድርጊቱ ይለወጣል፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የሚደረግ ልምምድም ገና ድራማ አይደለም።

ሰው ይህን ሁሉ ለምን ይፈልገዋል? በሶማሌ ሕዝብ መካከል የመንፈስ መያዝን ያጠናው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ አዮን ሉዊስ የሰጠው መልስ በሰፊው ይጠቀሳል፤ የመናገር ሥልጣን የሌላቸው ሰዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ በመንፈሱ ስም የሚፈልጉትን ይጠይቃሉ፣ ባልም ለሚስቱ የማይሰጠውን ለመንፈሱ ይሰጣል። ይህ እውነት አለበት። ይሉኝታ በነገሠበት ማኅበረሰብ «አዲስ ቀሚስ እፈልጋለሁ፣ ተከፍቻለሁ፣ አክብረኝ» ማለት ለብዙ ሴት በራስ አፍ የማይወጣ ቃል ነበር፤ ዛሩ ግን ይሉኝታ የለበትም። ዳሩ ግን ይህ ማብራሪያ ብቻውን ደረቅ ነው፤ ቀሚስ ለማግኘት ብቻ ከሆነ አንድ ዛር በበቃ ነበር። ባለ ዛሯ ሹሙንም፣ መነኩሴውንም፣ አገልጋይቱንም የምትሸከመው፣ አንድ ሰው አንድ ማንነት ብቻ ይዞ መኖር ስለሚጠበው ነው። በወንድነት ወይም በሴትነት፣ በጌትነት ወይም በሎሌነት የተወለደ ሰው የቀረውን የሰው ልጅ ሕይወት በውስጡ ተሸክሞ ሳይኖረው ያልፋል፤ ድራማ ያልኖረውን ለአንድ ማታ ያውሰዋል።

አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ቅኔና ተውኔት ሲጽፍ፣ አሳዛኝ ተውኔት ርኅራኄንና ፍርሃትን ቀስቅሶ የእነዚህኑ ስሜቶች መንጻት ያመጣል ብሏል፤ ይህ መንጻት በግሪክኛ ካታርሲስ ይባላል። ቃሉ ጎንደር ላይ ሲታይ ለጸበል ቦታ ይቀርባል። በጸበል ቦታ መንፈሱ በታማሚው አንደበት ይለፈልፋል፣ ስሙንና የገባበትን ምክንያት ይናገራል፣ ከዚያም እንዲወጣ ይታዘዛል። ሐድራው ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ዛሩ አይባረርም፣ ስሙ ይታወቃል፣ ምሱ ይሰጠዋል፣ ከፈረሱ ጋር ይታረቃል። ቤተ ክርስቲያን ይህን ዕርቅ የምታወግዘው ለእምነቷ ታማኝ ሆና ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በዚያ ላይ መፍረድ አይደለም። ለድራማ ባሕርይ የሚጠቅመው ሁለቱ የሚስማሙበት ነገር ነው፦ የማይታየው ነገር መናገር አለበት፤ ስሙ ሳይጠራ ፈውስ የለም። የአርስቶትል ተመልካች ስሜቱን አራግፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የጎንደር ሐድራ የሚያሳየው ሌላ ጥቅም ግን፣ ሰው ውስጡ ካለው እንግዳ ጋር ተዋውቆ አብሮ መኖር መቻሉ ነው። ከታላላቅ ተውኔቶች ብዙዎቹ በዚህ በሁለተኛው መንገድ የሚሠሩ ይመስላል።

ማኅበረሰብም እንደ አንድ ሰው የማይናገረው ነገር ይኖረዋል። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም የሚለው የቆየ አባባል በዓመት አንድ ቀን ሎሌው ጌታውን የሚሰድብበትን ፈቃድ ያስታውሳል። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ከአድማጩ «ተቀበል» እየተባለ ግጥም ሲቀበል፣ ቃሉ የማን እንደሆነ በሁለት አፍ መካከል ይጠፋል፤ ሰጪው አልዘፈነም፣ ዘፋኙ አላሰበውም፣ መኳንንቱን የሚነካው ቃል ግን ተነግሯል። ሰምና ወርቅ በቃል የሚያደርገውን አዝማሪና አድማጭ በሁለት ሰውነት ያደርጉታል።

የመድረኩ ቴአትር ይህን ፈቃድ ወርሷል። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም.፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለውም በ1948 ዓ.ም. ከተከፈቱ በኋላ የኢትዮጵያ ጸሐፌ ተውኔቶች ደጋግመው ከተመለሱባቸው ሰዎች አንዱ ቋረኛው ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው፤ ግርማቸው ተክለሐዋርያትም ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በስማቸው ተውኔት ጽፈዋል። ተመልካቹ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሆነውን ከመግባቱ በፊት ያውቀዋል፤ ስለዚህ የሚገባው መጨረሻውን ለማወቅ አይደለም። የሚገባው ያ ሰው በዚያች ሰዓት ምን እንዳለ፣ ሊል ይችል የነበረውንም በጆሮው ለመስማት ነው። ለጎንደር ተመልካች ግን ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። የአገሩ ልጅና የአንድነት ጀግና የሆኑት እኒሁ ንጉሥ በ1859 ዓ.ም. ከተማዋንና አብያተ ክርስቲያናቷን ያቃጠሉ ናቸው። ያ ተመልካች ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በአንድ ልቡ ሁለት ሙግት ይሰማል፤ የሚኮራበትም የሚያዝንበትም አንድ ሰው ነው። መጽሐፍ ሁለቱን በሁለት አንቀጽ ለያይቶ ሊያስቀምጣቸው ይችላል፤ መድረክ ግን በአንድ ሰውነት አቁሞ እንዲናገሩ ያስገድዳቸዋል።

ይህ ሁለት ልብ መሆን ዛሬ በሬዲዮ ለሚቀርበው ድራማም ቁልፉ ነው። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ በሜክሲኳዊው ሚጌል ሳቢዶ ዘዴ የተሠራ ነበር። በዚህ ዘዴ መልካሙና ክፉው ገጸ ባሕርይ ድንበር ሆነው ይቆማሉ፤ ታሪኩን የሚሸከመው ግን በሁለቱ መካከል የሚዋልለው፣ አንድ ቀን ወዲህ አንድ ቀን ወዲያ የሚያደላው ሰው ነው። አድማጮች በሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎችን ጽፈዋል፤ ሰው የሚጽፈው ደግሞ ራሱን ለሰማበት ነገር ነው። መልእክት ለማስተላለፍ ተብለው የሚጻፉ ብዙ ድራማዎች የሚከሽፉት፣ መልእክታቸው መጥፎ ሆኖ ሳይሆን አንድ አንደበት ብቻ ስላላቸው ነው። ክፉው ሰው ሞኝ ተደርጎ ይቀርባል፣ ሁለት ቃል ሳይናገር ይረታል፤ ተመልካቹም ከውጤቱ በፊት ይሰለቻል። የበላ ልበልሃ ዳኛ እንዲህ ያለውን ሙግት ሙግት ብሎ ባልተቀበለው ነበር።

የጎንደር ወጣት ጸሐፌ ተውኔቶች መሣሪያውን ከሩቅ መበደር አያስፈልጋቸውም፤ የሙግቱ ሥርዓት፣ ፉከራው፣ «ተቀበል»ም እጃቸው ላይ አሉ። እነዚህን ከሚያውቁ አረጋውያን አንደበት ሳይውል ሳያድር በድምፅና በምስል ይቅረጿቸው። ከዚያም የ1859 ዓ.ም. እሳት ይጻፍ፤ ንጉሡ ያቃጠሉበትን ምክንያት ያለ ይቅርታ ይናገሩ፣ ቤቷ የነደደባት የጎንደር ሴትም ያለ ፍርሃት ትመልስላቸው፣ ማንኛቸውም ከሌላው ያነሰ ተራ አያግኙ።